ኤሲው የተበላሸ ቀን

ኃይለመስቀል በጥይት እንደሚሞት ካመነ ቆይቷል። ሙቀት ይገድለኛል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም ነበር።

ከአሥር ዓመት በፊት ሞላሌ ገበያ ላይ በበግ ተጣልቶ ይሥሐቅ የሚባል ጎልማሳ በዱላ ገደለ። ሰውዬው ከወደቀ በኋላም እጁን አላነሳም፤ ገላጋይ ጎትቶ እስኪያስጥለው ድረስ ቀጠቀጠው። ታሰረ፣ ተፈታ። ሽማግሌ ቢልክ የሟች ወገኖች ከደጅ መለሱበት። ደሙ እንዳልደረቀ ሲገባው አገሩን ጥሎ ወደ ጀማ ወንዝ፣ መርሐቤቴ ቆላ ወረደ።

እዚያ የሠራው ቤት ቤት አይባልም፣ ምሽግ ነው። መኝታ ክፍሉ መስኮት የለውም። በሩ ብረት ነው፤ ከውስጥ ይቀረቀራል። በዚያ ሙቀት እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ማደር እቶን ውስጥ እንደማደር ስለሆነ ኤሲ አስገባ። ጎረቤቱ ሁሉ ቅምጥል አለው። እሱ ግን የፈለገው በሩን ዘግቶ እስኪነጋ በሕይወት መቆየት ብቻ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የሚተኛው ብቻውን ነው። ሚስቱን የምሥራችን ያገኛት እዚሁ ቆላ ነው፤ ወላጅ ዘመድ የለኝም ያለችው ዝምተኛ ሴት ናት። እሷ ጓዳ ትተኛለች። «ሌሊት ደንግጬ እንዳልተኩስብሽ ነው» ይላታል፤ አትከፋም። ከምግቡ አስቀድሞ ለውሻው ይጥላል፤ በዚህም አትከፋም። በልቶ እስኪነሳ ቆማ ታስተናግደዋለች፣ የራሷን ኋላ ጓዳዋ ገብታ ትቀምሳለች። ባል ማክበር እንዲህ ነው እያለ በልቡ ይኮራባታል። ጠመንጃውን ግን ለእሷም አያስነካም።

በግንቦት አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ኤሲው ድምፁ ጠፋ።

ደብረ ብርሃን ላለ ጠጋኝ ደወለ። ጠጋኙ ወንድምአገኝ ይባላል።

«ዋጋው እንደ ብልሽቱ ነው ጋሼ» አለው። «ጋዝ ካለቀበት ጋዙ ውድ ነው። መብራት እየሄደ እየመጣ ኮምፕረሰሩን አቃጥሎት ከሆነ ደግሞ ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣ። መንገዱም አለ፤ እናንተ ዘንድ ቁልቁለቱን ወርጄ ዳገቱን እስክወጣ መኪናዬ ነዳጅ ይጨርሳል። ከሠላሳ ሺህ አያንስም።»

«ና ብቻ» አለ ኃይለመስቀል።

ሁለት ሌሊት ጠመንጃውን ታቅፎ ሳሎን ተቀመጠ። እንቅልፍ ሲጥለው የምሥራች ከጓዳዋ ብቅ ትላለች፤ ኮቴዋን ሲሰማ ብድግ ይላል። «ጋደም ይበሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ» ብትለው እንቢ አላት።

ቅዳሜ ወንድምአገኝ መጣ። ቀጭን፣ ሰው የማያይ፣ ሥራው ላይ የሚያቀረቅር ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ወጥቶ ትንሽ ነካካና ወረደ።

«ጋዙም ኮምፕረሰሩም ደህና ነው። ከኋላ ያለው ሽቦ ነው የተቆረጠ። ቀጥዬዋለሁ። የነዳጄን ሁለት ሺህ ይስጡኝና ልሂድ።»

ኤሲው ማጓራት ጀመረ። ኃይለመስቀል ደስ ሊለው ሲገባ ጥርጣሬ ገባው። ሠላሳ ሺህ ያለ ሰው እንዴት በሁለት ሺህ ይለቃል? እንዲህ የሚረክስ ጠጋኝ በዕድሜው አላየም። የመጣበት ጉዳይ ሌላ ካልሆነ በቀር።

«አይጥ ነው የቆረጠው?»

«አይጥ ያኝካል። ይኸ በስለት ነው።»

«አገርህ ወዴት ነው?»

«ሞላሌ።»

ኃይለመስቀል ሳቀ። ሳቁ ለራሱም አላማረውም። «የአገሬ ልጅ፣ ሳትበላማ አትሄድም» ብሎ የምሥራችን ገበታ አስቀረበ።

ይህን ያደረገው አውቆ ነው። በአገሩ በደም የሚፈላለጉ ሰዎች እርቅ ሳይወርድ ከአንድ ገበታ አይቆርሱም። ሊገድል የመጣ ሰው ስሙን ይዋሻል፣ አገሩን ይዋሻል፣ ከጠላቱ ጋር ግን አይበላም።

ወንድምአገኝ ቀዩን ወጥ አየና እጁን ሰበሰበ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አልበላም። ጨጓራዬ በርበሬ አይችልም።»

«ከደረቁ ቁረስ።»

«አልበላም። መንገድ ላይ ያመኛል።»

ኃይለመስቀል በሰደፍ አፉን አለው። ወንድምአገኝ ወንበሩን ይዞ ወደቀ። ጥርሱን ከደሙ ጋር ተፋ። ኃይለመስቀል በሁለተኛው ትከሻውን፣ በሦስተኛው ጎኑን መታው፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል ተሰማ። ልክ እንደዚያ ቀን እጁ አልቆም አለው።

«ማን ላከህ? የይሥሐቅ ምኑ ነህ?»

«ይሥሐቅ ማነው?» አለ ወንድምአገኝ ደም በሞላው አፉ።

«ይተዉት» አለች የምሥራች። «እሱ አይደለም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ!»

«አይደለም አልኩ እኮ» ብላ መሐል ገባች። ወንድምአገኝ ያን ጊዜ በእንብርክኩ ድኾ ደጅ ወጣ፤ ዕቃውንም ሒሳቡንም ሳያነሳ መኪናውን አስነስቶ አመለጠ።

ኃይለመስቀል ወንበር ላይ ተዘረጋ። ልቡ ከዓመታት ወዲህ እንደዛሬ ቀሎት አያውቅም። ጠላቱን በዓይኑ አይቷል፣ አዋርዶ ሰዶታል። ከመኝታ ክፍሉ ቀዝቃዛ አየር እግሩ ድረስ ይደርሳል። ዛሬ ብረት በሩን ቀርቅሮ ጠግቦ ይተኛል።

ሰደፉ ደም በደም ሆኗል። «ጥረጊልኝ» ብሎ ጠመንጃውን ለየምሥራች ሰጣት። እሷም በመቀነቷ ጫፍ ቀስ ብላ ጠረገችው።

ገበታው እንደቀረበ ነው። ራቡ ድንገት መጣበት፤ ለውሻው መጣሉንም ረሳ። ሁለት ሦስቴ ከጎረሰ በኋላ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ከፊቱ ቆማለች። ዛሬ በጣም አሳዘነችው፣ በጣምም ወደዳት።

«ነይ የኔ እመቤት፣ ዛሬስ አብረን እንብላ» ብሎ አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋላት።

«እኔም አልበላም» አለችና ጠመንጃውን አቀባበለች።