ገላጋይ የሌለበት ቴአትር

ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ዋሽቼ ከሆነ የነገዋን ፀሐይ አያሳየኝ፤ ዐይኔንም ግንባር ያድርገው።

ቢቸና አዳራሽ ውስጥ አንድም ቴአትር እስከ መጨረሻው ታይቶ አያውቅም። ተዋንያን ዱላ ሲማዘዙ፣ ሽምግልና የማይታክታቸው አባ ወልደ ኪዳን ከፊት ወንበር ብድግ ይላሉ። "በሕግ አምላክ!" ብለው ሽማግሌ አስከትለው መድረክ ይወጣሉ፤ ያስታርቃሉ። ከታረቁ በኋላ ደግሞ ምን ቴአትር አለ? አምና ንጉሡን ከገዳዩ ጋር መስቀል አሳልመው አስታረቁና፣ ንጉሡ ሳይሞት ሕዝቡ ወደየቤቱ ገባ።

የአዳራሹ ኃላፊ ሀብትነሽ ግን ሣቅ አልመጣላትም። የወረዳው ሹም ቁርጡን ነግሯታል፤ የቅዳሜው ቴአትር እንደ ሌሎቹ ከተቋረጠ አዳራሹ የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል። ለዚህ ቴአትር የቀጠረችው የሞጣ ተዋንያንን ነው፤ በስልክ እንጂ በዐይን አታውቃቸውም። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ "በቅርብ ቀን! የሁለት ጎረቤታሞች ጠብ!" ይላል።

ዐርብ ዕለት አባ መጥተው ማስታወቂያው ሥር ሲቆሙ ሀብትነሽ ፈጥና በሩ ላይ ደረሰች።

"ልጄ፣ ነገ ሁለት የተቀያየሙ ሰዎች ከአምበር እዚሁ ይመጡልኛል። ዋርካ ሥር እንዳላስቀምጣቸው ዝናቡ አስቸገረ። አዳራሽሽን አትሰጪኝም?"

'ይቺን ዘዴማ ዐውቃታለሁ' አለች በሆዷ። "ምነው አባ? ካሉበት ሄደው ቢያስታርቋቸው አይሻልም? መሳፈሪያውን እኔ እችላለሁ።"

"እሱስ በረከቱም ይበዛል" አሉ አባ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ አውቶቡስ ላይ አሳፍራ ሸኘቻቸው። የቀሩትን ሽማግሌዎች ዘበኛው ምንይሉ ከበር መለሳቸው።

የሞጣ ተዋንያን ከቀጠሮው ቀድመው ደረሱ። ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው፣ አንዱ በፊት በር አንዱ በኋላ በር ገቡ። እርስ በርስ ሰላምታ እንኳ የለም።

"ከአሁኑ ገቡበት እኮ!" አለች ሀብትነሽ ተደንቃ።

"አባ ወልደ ኪዳን የሉም እንዴ?" አለ ረጅሙ።

የሰውዬው ዝና ሞጣ ድረስ መዝለቁ አበሸቃት። "የሉም! ዛሬ ሽማግሌ የሚባል እዚህ ድርሽ አይልም። መድረኩ የእናንተ ነው፤ እስኪወጣላችሁ ተጣሉ!"

"ገላጋይም የለ?" አለ አጭሩ፣ ዐይኑ እያበራ።

"እስቲ ወንድ የሆነ ይገላግላችሁ! እኔው ራሴ ነኝ ጎትቼ የማስወጣው።"

ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ።

ሕዝቡ አዳራሹን ሞልቶ፣ ሹሙም ከፊት ወንበር ተቀምጦ መድረክ ወጡ። ምን ልበላችሁ! ዱላው ሲያርፍ አቧራው ጣሪያ ነካ። ስድቡ እስከ ሰባት ቤት ዘልቆ በመቃብር ያረፉትን ቀሰቀሰ። የአጭሩ ጥርስ በርራ ሄዳ ሹሙ ጭን ላይ ዐረፈች፤ ሹሙም ለመታሰቢያ ኪሱ ከተታት። በመጨረሻ ረጅሙ በመስኮት ዘለለ፤ አጭሩ ወንበር እንደ ተሸከመ ተከተለው፤ ጩኸታቸው ከከብት ገበያው ማዶ ሲርቅ ተሰማ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ።

"ትወና ማለት ይህ ነው!" አለ ሹሙ እንባውን እየጠረገ። "ከእንግዲህ አዳራሽሽን ማንም አይነካብሽም። ክፍል ሁለቱ መቼ ነው?"

"በቅርብ ቀን" አለች ሀብትነሽ።

ይኸው ነው። ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ የሞጣ ተዋንያን ቀድመው ደረሱ ያልኩት። መኪናቸውን ጭቃ ይዞት ቢቸና የገቡት እሑድ ነው።