የሠርካዲስ ጆሮ

እናቴ ሌላ ድስት አንስታ ደጃፉ ላይ ትፈጠፍጠዋለች።

«ኧረ እማዬ! ምን ነካሽ?»

«ተሰንጥቋል።»

የሸክላ ድስቶቹ ትናንት ነው ከእሳት የወጡት። ወደ አዲሱ ገበያ ከመሄዳቸው በፊት እናቴ ሠርካዲስ እያንዳንዱን በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ይሻክራል። የተሰነጠቀውን እዚያው ትሰብረዋለች እንጂ በርካሽ እንኳ አትሸጥም። ሠፈራችን ቀጨኔ በሙሉ በጆሮዋ ይምላል። ኩራቷም እሱ ነው፤ እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ዛሬ ግን ስባሪው በዛብኝ። ልትሰብረው ያነሳችውን ነጥቄ አንኳኳለሁ። ጥርት ያለ ነው። ቀጥላ ያነሳችውንም አንኳኳለሁ። እሱም ደህና ነው። ፍርሃት ይወረኛል።

«ደህና ናቸው እኮ!»

«ምን አልሽ?»

ጮክ ብዬ እደግምላታለሁ። ፊቷን ታዞራለች።

«ጆሮሽ ይጮኻል እንዴ?»

«ትንሽ። ወፍጮ ቤት የገባሁ ይመስለኛል። በቃ ተይኝ ሚልካ።»

አልተዋትም። «የልብ ኪኒኑን ስንት ነው የምትውጪው?»

«እግሬ አብጦ ቁጢጥ ብዬ መሥራት አቃተኝ። ጨመር አደረግኩት። ሲያሸናኝ ቅልል ይለኛል።»

የጳውሎስ ሆስፒታሏ ዶክተር ረሂማ ነግራን ነበር። ኪኒኑ ውኃውን ከሰውነት ሲያስወጣ፣ ከበዛ የውስጥ ጆሮንም ፈሳሽ ልክ ያዛባል፤ ያኔ ጆሮ ይጮኻል፣ መስማትም ይደክማል። «እንደጮኸ ኑ፤ በራሳችሁ ግን እንዳትጨምሩ፣ እንዳታቆሙም» ብላን ነበር። እናቴ እሺ አለች። እናቴ እሺ ስትል መፍራት ነበረብኝ።

«ተነሺ፣ ጳውሎስ እንሂድ። ቶሎ ከደረስን ሊመለስ ይችላል።»

«ካልተመለሰስ?»

ጫማዋን እፈልጋለሁ፤ አንዱን አግኝቼ ሌላውን አጣለሁ። ታክሲ በስልክ እጠራለሁ፤ ሾፌሩ ዳገቱን አልወጣም፣ ውረዱ ይለኛል። እጮህበታለሁ። ነጠላዋ በእጄ እያለ ነጠላዋን እፈልጋለሁ። እናቴ ይህን ሥራ ካጣች ምን ሆና ትውላለች? እሷን ሌላ ነገር ስትሠራ አይቻት አላውቅም።

«እማዬ፣ በናትሽ!» እያልኩ እዞራለሁ።

ሌላ ድስት ጭኗ ላይ አድርጋለች። ታንኳኳለች። ጆሮዋን ግን ወደ ድስቱ አላዘነበለችም፤ ጥርት ማለት አለማለቱን ልታነብ ፊቴን እያየች ነው።