ከግንቡ ወዲያ

ከአውራ ጎዳናው ዳር አፈሩን የያዘው ግንብ ሆዱን ነፍቶ ከርሟል። ፊደል ባልቆጥርም ያበጠ ነገር እንደሚፈነዳ አውቃለሁ። ምሳውን ላደርስለት ብሄድ ግንበኛው ልጄ ከሥሩ ቆሞ፣ በጭቃ የተደፈነውን የውሃ መውጫ ቀዳዳ በረጅም ብረት ይጎረጉራል።

«ውጣ ከዚያ! የወለድኩህ ለድንጋይ ነው?»

«እማዬ ደግሞ! ውሃው ሲወጣለት እኮ ግንቡ ይተነፍሳል።»

«አንተ ላይ ነዋ የሚተነፍሰው!»

ሳቀና ላቡን ሊጠርግ ብረቱን ለቀቀው። ብረቱ ግን አንድ ክንድ ያህል ወጣ፣ ተመልሶ ገባ፣ ደግሞ ወጣ፤ ልክ እሱ ሲጎረጉር እንደነበረው፣ ሳይቸኩል። ከግንቡ ወዲያ ያለው ጥቅጥቅ ያለ አፈር ነው፤ ሲሞሉት አይቻለሁ።

ክንዱን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። በግንቡ ርዝመት ሁሉ፣ ሰው ካልቆመባቸው ቀዳዳዎች፣ ጭቃው ተራ በተራ እየተገፋ ይወድቅ ጀመር።