ድምፁን ያዋሰው ጠበቃ

«ዛሬም ድምፅህን አዋስክ? ልጅህ ባሕር ተሻግራ ለትምህርት በምትሄድበት ቀን?» እማዋይሽ በባሏ ላይ ጮኸች።

ጠበቃ ጥላዬ አዎ ለማለት ራሱን ነቀነቀ። በአዲሱ ሕግ ድሃን በነጻ የሚወክል ጠበቃ ችሎቱ እስኪያበቃ ድምፁን ለደንበኛው ያውሳል። ዛሬ አንዲት መበለት ከቤቷ እንዳትባረር በእሱ ጎርናና ድምፅ እየተሟገተች ነው። ጤፍ ይቆላል የሚባልለት ምላሱ ግን እሱን ከሚስቱ አላዳነውም። በጽድቁ ሲኩራራ መክረሙ ትዝ ብሎት በራሱ ሳቀ፤ ሳቁም አልተሰማም።

«ለባዳ አፍ፣ ለልጅህ ዲዳ!»

ናርዶስ ሻንጣዋን አስቀምጣ ለምርቃት የአባቷን ጉልበት ሳመች። እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«አሜን» አለች።

«ምን ሰማሽና ነው አሜን የምትዪው?» እናቷ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጥላዬ ዞረች። እሱም በሁለት እጁ መከራከር ጀመረ።

ናርዶስ ሻንጣዋን አነሣችና በሩን ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ዘጋች።