በጥርስ ሳሙና የታሹ ሳንቲሞች

ዊልፍሬድ በኖርፎክ እርሻዎች ላይ ብረት ጠቋሚ መሣሪያውን ይዞ ሃያ ዓመት ሲዞር ያገኘው የቢራ ቆርኪ፣ የዛገ ሚስማርና አንድ የተጣመመ ማንኪያ ብቻ ነበር። ካለፈው መስከረም ወዲህ ግን ዕድሉ ተገለበጠ። በዶሪን እርሻ ላይ በየእሁዱ አንድ ጥንታዊ የብር ሳንቲም ማውጣት ጀመረ። ያውም ከቤቷ በር ሃያ እርምጃ ሳይርቅ፣ የመሣሪያውን የጆሮ ማዳመጫ እንኳ ሳያጠልቅ።

ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተገኘ ነገር ለመሬቱ ባለቤት መታየት አለበት። ስለዚህ ዊልፍሬድ የጫማውን ጭቃ አራግፎ የዶሪንን በር ያንኳኳል። ዶሪን ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ከአጥር አልፎ የሚሰማ ሴት ነች። ሻይና የፖም ኬክ ታቀርብለታለች። የእሱም ሚስት ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚያነጋግረው ሰው የለውም። ያ የእሁድ ሻይ ቢቀርበት ምን እንደሚውጠው እግዜር ይወቅ።

ጓደኛው ክላይቭ ግን ነገሩ አልዋጥ አለው። ክላይቭ የጥንት ዕቃ ፈላጊዎች ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ ደንብ ከተጣሰ እህል አይወርድለትም። አንድ እሁድ አዲሱን ሳንቲም ከዊልፍሬድ እጅ ነጠቀና አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠረገው። ሳንቲሙ ቦግ አለ።

«አየህ? ሰባት መቶ ዓመት መሬት ውስጥ የከረመ ብር ይጠቁራል እንጂ እንዲህ አያበራም! በጥርስ ሳሙና የታሸ ነው።»

«አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ ይሆናል» አለ ዊልፍሬድ።

«የምን አሸዋ! አሮጌ ሳንቲም ያሸ ሰው ዋጋውን ገደለው ማለት ነው። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ነውር አይሠራም። ይሄ የሴትዮዋ ሥራ ነው። ትናንት በጠዋት መኮትኮቻ ይዛ እዚሁ ጋ ጎንበስ ብላ አይቻታለሁ።»

«ሽንኩርት ስትተክል ነዋ።»

«የተከለችውስ አንተን ነው! እየቀበረች ታስቆፍርሃለች፣ ከኋላህ ትስቃለች።»

የዊልፍሬድ ፊት አመድ መሰለ። «ክላይቭ፣ በናትህ፣ ለማኅበሩ እንዳትናገር። ለእሷም ቢሆን።»

«ደንብ ደንብ ነው። ሳንቲም እየተቀበረ የሚወጣበት እርሻ ለፈላጊ ይዘጋል።»

«እርሻው ከተዘጋ በምን ሰበብ በሯን ላንኳኳ?»

ክላይቭ ጓደኛውን ይወደዋል። ደንቡን ግን ትንሽ አስበልጦ ይወዳል። ማስረጃ ካገኘ ሴትዮዋን በጨዋ ደንብ ያስጠነቅቃል፤ ካላገኘ ዝም ይላል። እንዲህ ብሎ ከራሱ ጋር ተስማማ።

ዓርብ ዕለት ዊልፍሬድን አብረን ከተማ እንውረድ ቢለው ጉልበቴን አሞኛል አለ። ክላይቭ ብቻውን አውቶቡስ ተሳፍሮ አሮጌ ሳንቲም ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደ። ባንኮኒው ላይ የታሹና የተበላሹ ሳንቲሞች በአንድ ሳህን ተከምረው በርካሽ ይሸጣሉ። ከሳህኑ አጠገብ ቦርሳዋን ከፍታ ለባለሱቁ ገንዘብ የምትሰጠው ደግሞ ዶሪን ራሷ ነች።

«እጅ ከፍንጅ ያዝኩዎት!» ብሎ ጮኸ። «ወይዘሮ ዶሪን፣ አሁን ይካዱ እስቲ! ምስኪኑን ሰውዬ እንዲህ መጫወቻ ያደርጉታል?»

ባለሱቁ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ዶሪን እስከ ጆሮዋ ቀላች። በመስኮቱ አሻግራ መንገዱን ቃኘችና ክላይቭን በኮቱ እጅጌ ጎትታ ከመደርደሪያው ጀርባ ሸሸገችው።

«ቀስ ይበሉ እባክዎ፣ ዊልፍሬድ አሁን ይደርሳል! ሳንቲሞቹን እየገዛ የሚቀብረው እሱ ራሱ ነው፤ እኔ የጡረታ ገንዘቡ እንዳያልቅበት የዋጋውን ግማሽ ቀድሜ እየከፈልኩለት ነው።»