የሰልሳቢል አሥራ አንድ

አነስ ቀኑን ሊሳሳት ይችላል። ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ይመስለዋል፤ ጓደኛው አብራር ደግሞ ረቡዕ ነበር ብሎ ይምላል። ነጥቦቹን ግን በደብተር ስለያዘ በእነሱ ከማንም ጋር አይከራከርም።

ቤቴል በሚገኝ አንድ ካፌ ሃያ ሦስት ወጣቶች በየቅዳሜው ፋንታሲ ይጫወታሉ። እያንዳንዱ በዕለቱ ከሚደረጉ የእንግሊዝ ሊግ ጨዋታዎች አሥራ አንድ ተጫዋች ይመርጣል፤ የመረጣቸው ሰዎች ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ ያገኛል። ሃያ ሃያ ብር ይዋጣል፤ አንደኛ የወጣው ይወስዳል። ጸሐፊው አነስ ነው።

አንድ ቀን ረቂቅ ደንብ መጣ። በዕድል የሚወሰን ጨዋታ ቁማር ነው፣ ይዘጋል፤ በዕውቀት የሚወሰን ውድድር ነው፣ ይፈቀዳል። ፋንታሲ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ረቂቁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የየሰፈሩ ነዋሪ ይወያይበት ተባለ። አነስም ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ አሥራ አራት ገጽ አቤቱታ ጻፈ።

እንዲህ ያተጉት አባቱ ናቸው። አቶ ጀማል አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ጉልበታቸው እያስቸገራቸው ሱቁን ለልጃቸው ሊያስረክቡ አስበው ነበር፣ የፋንታሲውን ወሬ እስኪሰሙ ድረስ።

«ቁማር ነው ከተባለ ቁልፉን ለአክስትህ ልጅ ነው የምሰጠው» አሉት። «በሐላል ያቆምኩትን ሱቅ ለቁማርተኛ አላስረክብም።»

«አባ፣ ዕውቀት እኮ ነው!»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ጋሽ ቢቂላን አሳምን።»

ጋሽ ቢቂላ የውይይቱ ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ። አሥራ አራቱን ገጽ አገላብጠው ለቃለ ጉባኤ ያዧ ለሰልሳቢል አቀበሏትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወረቀት ሁሉን ይችላል» አሉ። «እንሞክረው። ሁለት ቅዳሜ እናንተ በዕውቀታችሁ አንድ ቡድን ምረጡ፤ የእኛ ቡድን በዕጣ ይውጣ። በድምር ዕጣው ከበለጣችሁ ቁማር ነው፣ አለቀ።»

ዕጣውን እንድታወጣ የተመደበችው ያቺው ሰልሳቢል ነበረች። አብራር ወረቀት ላለማባከን ደህና ደህናዎቹን፣ ጉዳት የሌለባቸውን ብቻ በየብጣሹ ጽፎ፣ እንደየሚጫወቱበት ቦታ ለይቶ በአራት ፖስታ አስረከባት። አርብ አርብ ከሰዓት አሥራ አንድ ስም አውጥታ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ትለጥፋለች።

«ኳስ ታውቂያለሽ?» አላት አነስ፣ ለጥንቃቄ ያህል።

«ክብ መሆኗን።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ዕጣው ስልሳ አንድ፣ እነ አነስ አርባ ስምንት። ሁለተኛው ቅዳሜ ዕጣው ሰባ፣ እነ አነስ ሃምሳ ሁለት።

«አሥራ አራት ገጽ ጽፎ በብጣሽ ወረቀት የተገረፈ ሰው ዛሬ አየሁ!» አለ አብራር። ሌሎቹ መሳቅም ማልቀስም አማራቸው።

እሑድ አነስ ደብተሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ከሰልሳቢል ሃያ ሁለት ስሞች መሐል አንድም ቁስለኛ የለም። ሦስት ጊዜ ቆጠረ፤ የለም። በጭፍን የገባ እጅ እንዴት አንድ ጉዳተኛ አይነካም? ደግሞ ባለፈው ሰኞ ደጅ ላይ ሲያገኛት «ስንት ለስንት ሆንን?» ብላዋለች። «ሆንን» አለች እኮ! ኳስ የማያውቅ ሰው ነጥብ ምን ያደርግለታል?

ልጅቷ እየመረጠች ነው። አነስ መጀመሪያ ተናደደ። ትንሽ ቆይቶ ከወንበሩ ተነሳና አብራር ጋ ደወለ።

«አሸንፈናል!»

«ምነው፣ አሞሃል እንዴ?»

«እሷ መርጣ ካሸነፈችን ያሸነፈን ዕውቀት ነዋ!»

ማክሰኞ አዳራሹ ሞላ። አቶ ጀማል ኋላ ወንበር ላይ የሱቁን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል፤ የአክስቱ ልጅም አጠገባቸው አለ። ጋሽ ቢቂላ መቶ ሠላሳ አንድ ለመቶ መሆኑን አነበቡና ውሳኔውን ለማስጻፍ ወደ ሰልሳቢል ዞሩ። አነስ ተነሳ።

«ጋሽ ቢቂላ፣ ልሳሳት እችላለሁ... ግን ዕጣ አልወጣም። እሷ ናት የመረጠችው።»

ማስረጃውን አንድ በአንድ ዘረዘረ። አዳራሹ አጉረመረመ።

«ልጄ፣» አሉ ጋሽ ቢቂላ፣ «ዕጣ አውጥተሻል ወይስ መርጠሻል?»

ሰልሳቢል አነስን አየችው። ኋላ የተቀመጡትን ሰውዬና በእጃቸው ያለውን ቁልፍም አየች። ፊቷ ያለውን የአቤቱታ ፋይል ገለጥ አደረገች።

«መርጫለሁ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«በሜዳቸው የሚጫወቱትን አስቀደምኩ» አለች አቀርቅራ። «የተጋጣሚን ተከላካይ አየሁ። ድካም ያለባቸውን ተውኩ።»

አነስ እልል ሊል ምንም አልቀረው። በአቤቱታው ገጽ ስድስት ያሰፈራቸው ሦስት ነጥቦች፣ ያውም በቅደም ተከተላቸው!

«ዕጣ አውጪ ብዬሽ?»

«አጠፋሁ፣ ጋሼ።»

«አጥፍተሻል። ሒሳብ ግን ሒሳብ ነው» አሉና አስጻፏት፦ «ፋንታሲ የዕውቀት ውድድር ነው፤ ይፈቀድ።»

አቶ ጀማል ቁልፉን በልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩ። «ያቺ ልጅ ግን ትበልጥሃለች» አሉት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሃያ ሦስቱም ሰልሳቢልን ካፌው ጋበዟት። «ኮች» እያሉ የፊተኛውን ወንበር ለቀቁላት፤ አብራር የአቮካዶ ጭማቂ በራሱ እጅ አመጣላት። ጨዋታው ተጀመረ። ሩብ ሰዓት ያህል ቴሌቪዥኑን በጽሞና ስትመለከት ቆይታ ወደ አነስ ዞረች። ያለችውን የገዛ ጆሮውን አላምን ብሎ በማግሥቱ አብራርን ለብቻው ጠይቆ አረጋግጧል፤ አብራርም የሰማው ቃል በቃል ይህንኑ ነው፦

«ያ ጓንት ያደረገው ልጅ ኳሷን በእጁ ሲይዛት ዳኛው ለምን ዝም ይለዋል?»