ውድቅ የሆነችው ጊታር

የጥራት ተቆጣጣሪው በሥራው ቀልድ አያውቅም። ፋብሪካው በአንጋፋው ሙዚቀኛ በጋሽ ዘርጋው ጊታር አምሳል፣ ጭረቷ ሳይቀር ተቀድቶ፣ ፊርማቸው ያረፈባቸው አርባ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ብቻ ሠርቷል። ተቆጣጣሪው እያነሳ፣ እየመታ አሳለፋቸው። አንዷን ሲነካት ግን ፊቱን አጨማደደ።

«አንገቷ ጎብጧል፤ ክሮቿ ይንጫጫሉ፤ ይባስ ብሎ ፊርማ የላትም! ማን ነው ይቺን ጉድ የሠራት?»

ውድቅ ዕቃ ሾልኮ ገበያ እንዳይወጣ እዚያው መሰበር አለበት፤ ደንብ ነው። በመጋዝ ለሁለት ከፈላት።

በምረቃው ዕለት አርባዎቹ ጊታሮች ተደረደሩ። አንዷ ለጋሽ ዘርጋው ተበረከተችላቸው። ሞካከሯትና ፈገግ አሉ።

«እጃችሁ ይባረክ፣ ልጆቼ። እንከን የላትም። የኔ እጅ ግን የለመደው አሮጌዋን ነው፤ ለናሙና ያዋስኳችሁን መልሱልኝና ልሂድ።»